ከሰሌዳው ወዲያና ወዲህ

አጎቴ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። በአንድ የሙያ ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ያስተምራሉ። በየቀኑ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ይነሣሉ፤ ጺማቸውን ይላጫሉ፤ ዳቦ በሻይ ይቀምሳሉ፤ ሰማያዊ ጋዋናቸውን ለብሰው ሽቦ ውስጥ ኃይል መኖሩን የሚያሳየውን ቴስተራቸውን በደረት ኪሳቸው ይሰካሉ። በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል ቢሄዱ ትምህርት ቤቱ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው፤ እሳቸው ግን በእንጨት መሰንጠቂያዎቹ በኩል ዞረው በግማሽ ሰዓት ይደርሳሉ። ሁለት ሰዓት ላይ የመጀመሪያውን ክፍል ይጀምራሉ፤ አሥር ሰዓት ላይ የመጨረሻውን ይጨርሳሉ። ሠላሳ አንድ ዓመት እንዲህ ኖረዋል።

እኔ የእኅታቸው ልጅ ነኝ። በቤታቸው እኖራለሁ፤ በክፍላቸውም እማራለሁ። በቤት «አጎቴ» እላቸዋለሁ፤ የትምህርት ቤቱን በር ስናልፍ «መምህር» ይሆናሉ። እሳቸውም በቤት «ልጄ» የሚሏትን ልጅ በክፍል ውስጥ ከነጭራሹ የማያውቋት ይመስል «ቁጥር አሥራ አራት» እያሉ ይጠሯታል። ጓደኞቼ ግን «አንደኛ» ይሉኛል፤ ሲያከብሩኝም ሲያሾፉብኝም በዚሁ ነው። ከገባሁ ጀምሮ ከአንደኝነት ወርጄ ስለማላውቅ ስሙን አልጠላሁትም።

ለእሳቸው ተማሪው ያወጣላቸው ስም «ጀርባ የለሽ» ነው። አጎቴ ለክፍሉ ጀርባቸውን ሰጥተው አያውቁም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲጽፉ እንኳ በጎን ቆመው፣ አንድ ዓይናቸውን እኛ ላይ ጥለው ነው፤ በዚህም ምክንያት ጽሕፈታቸው ሁልጊዜ ወደ ታች ይንሸራተታል። ከክፍል ሲወጡም ወደ ኋላቸው እየተራመዱ በሩን በእጃቸው ዳብሰው ያገኙታል። በቤተ ሙከራው ውስጥ የክፍላችን ቀልደኛ ይህን አካሄድ ሲያስመስል ያላሳቀው ሰው የለም። እኔም ስቄያለሁ። ምክንያቱን ያወቅኩት ከባለቤታቸው ነው።

የአጎቴ ባለቤት ልብስ ሰፊ ናቸው። እትዬ እላቸዋለሁ። አንድ ቀን መርፌ በከንፈራቸው እንደ ነከሱ የነገሩኝ እንዲህ ነው። አጎቴ ማስተማር በጀመሩ በሁለተኛው ዓመት ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ሽቦ ያያይዙ ነበር። ከኋላቸው የነበረ ሠልጣኝ ጓደኞቹን ሊያስቅ እጁን ወደ ተላጠ ሽቦ ዘረጋ። አጎቴ ሳቁን ሰሙ፤ ቀጥሎ ሳቁ ቀጥ አለ። ሲዞሩ ልጁ መሬት ላይ ነበር። ሕይወቱ ተርፏል፤ የቀኝ እጁ ሁለት ጣቶች ግን አልተረፉም። ዛሬ ጎልማሳ ሰው ሆኖ በአውቶቡስ ማቆሚያው ትኬት ይቆርጣል። እትዬ ይህን ነግረውኝ ሲያበቁ መርፌውን ከአፋቸው አወጡና፣ ቸኮልኩ ብዬ እንኳ በዚያ መንገድ እንዳልጎትታቸው አስጠነቀቁኝ።

ጀርባ ሳይሰጡ ሠርቶ ማሳየት እንዴት ይቻላል? አጎቴ ለዚህ መላ አበጅተዋል። በእጃቸው የሠሩት፣ ቁመቱ ሰው የሚያህል፣ መሐሉ ክፍት የሆነ የእንጨት ክፈፍ አለ፤ እኛ ሰሌዳ እንለዋለን። ሽቦዎቹ ከላይ ወደ ታች በክፍቱ ላይ ይወርዳሉ። እሳቸው ከወዲያ ይቆማሉ፣ እኛ ከወዲህ እንቀመጣለን፤ በሽቦዎቹ መሐል እጃቸውን እናያለን፣ እሳቸውም እያንዳንዳችንን ያያሉ።

ከእሳቸው የተሻለ ሠርቶ የሚያሳይ መምህር አላየሁም፤ ይህን የምለው ስለምዛመዳቸው አይደለም። ትምህርቱ ከመጀመሩ በፊት መጨረሻው ወንበር ላይ ሄደው ይቀመጡና ብሎኑ ከዚያ ይታይ እንደሆነ ያረጋግጣሉ፤ ካልታየ በትልቅ ይለውጡታል። መጀመሪያ ያለ አንዳች ቃል ይሠራሉ፤ እኛም ዝም ብለን እጃቸውን ብቻ እንከተላለን። ሁለተኛ እየተናገሩ ይሠራሉ። ሦስተኛ አንዱ ተማሪ ያዝዛል፣ እሳቸው የታዘዙትን ብቻ ይፈጽማሉ። ቀልደኛው አንድ ጊዜ «ሽቦውን ይላጡት» ብሎ ምን ያህል እንደሆነ ሳይናገር ቀረ፤ አጎቴ ፊታቸው ሳይፈታ የክንድ ርዝመት ሽቦ ከዳር እስከ ዳር ላጡት። ከዚያ ቀን ወዲህ ልክ ሳይናገር የሚያዝዝ አልተገኘም። በአራተኛው ተማሪው ራሱ ይሠራል።

ዘንድሮ ግን አንድ ነገር ተለወጠ። ኃይል የሚያመጣው ሽቦ፣ ባለሙያው ፌዝ የሚለው፣ ሁልጊዜ ቀይ ነበር፤ የሚመልሰው፣ ኑትራል የሚባለው፣ ጥቁር። ዘንድሮ ከንብረት ክፍል የመጣው ጥቅል ሁሉ ግራጫ ነው። አጎቴ ሁለት ጊዜ ሄደው ተከራከሩ። ንብረት ክፍሉም «መምህር፣ ኤሌክትሪኩ እንደሆነ ቀለም አይመርጥም» ብሎ አስፈርሞ ሸኛቸው።

ሰኞ ዕለት ከትምህርት ቤት ስንመለስ የእትዬ የመስፊያ ክፍል አምፖል ተቃጥሎ ነበር። እትዬ ጨርቁን ወደ መስኮቱ አስጠግተው፣ የኤሌክትሪክ መምህር ሚስት በጨለማ እንደምትሰፋ ለተማሪዎቻቸው ሊነግሩ ይፈልጉ እንደሆነ ጠየቋቸው። አጎቴ የሚያማቸውን ጉልበት እየደገፉ ወንበር ላይ ወጡ። ማብሪያ ማጥፊያውን አጥፍተዋል፤ አምፖሉንም ፈትተዋል። አዲሱን ከማስገባታቸው በፊት እንደ ልማዳቸው የቴስተሩን ጫፍ ወደ አምፖሉ ማቀፊያ አስገቡ።

በቴስተሩ እጀታ ውስጥ ያለችው ትንሽ መብራት ቀላች።

አጎቴ አልተንቀሳቀሱም። ጉልበታቸው የያዛቸው መስሎኝ ወንበሩን ደገፍኩ።

«አጥፊው» አሉኝ ቀስ ብለው።

«ጠፍቷል፣ አጎቴ።»

«አብሪውና መልሰሽ አጥፊው።»

አደረግኩት። መብራቷ እንደ ቀላች ነበረች። አጎቴ አንድ እግራቸውን ከዚያም ሌላውን አወረዱና ማብሪያ ማጥፊያውን ማን እንደ ገጠመው ጠየቁ። ከሦስት ሳምንት በፊት አሮጌው ሲሰበር እኔ ነበርኩ ከነሽቦው በግራጫ የለወጥኩት። እኔው ነኝ አልኩ፤ ድምፄ ውስጥ ኩራት ነበረበት፤ አሁን ሳስበው የሚቆረቁረኝ እሱ ነው።

ማብሪያ ማጥፊያ ፌዙን መቁረጥ አለበት። ኑትራሉን ከቆረጠም መብራቱ ይጠፋል፤ የሚያየው ሰው ልዩነቱን አያውቅም። ኃይሉ ግን አልተቋረጠም፤ ማቀፊያው ውስጥ ቁጭ ብሎ አምፖል ሊቀይር የሚመጣውን ጣት ይጠብቃል። እትዬ ሦስት ሳምንት ሙሉ በዚያ ስር ሰፍተዋል።

አጎቴ ደብተሬን ጠየቁ። በክፍሉ ውስጥ እንደ ደብተሬ ያማረ የለም፤ መስመሩን በማስመሪያ፣ ሽቦውን በሁለት ዓይነት እርሳስ ነው የምሥለው። ገጹን ገልጠው አዩት። አዞሩት። መልሰው አዞሩት። ተነሥተው ከጠረጴዛው ወዲያ ሄዱና ከዚያ አዩት። ከዚያም ከእትዬ መሳቢያ ሁለት ግራጫ የክር ጥቅሎች አንሥተው አንዱን በአንድ እጅ፣ ሌላውን በሌላ እጅ ይዘው ከፊቴ ቆሙ።

«ቀኝ የቱ ነው?» አሉኝ።

አመለከትኩ። እሳቸው በቀኝ እጃቸው የያዙትን ሌላኛውን ከፍ አደረጉ።

ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገኝም። ከሰሌዳው ወዲያ ቆመው በቀኛቸው ያለውን ፌዝ እየቆረጡ «ይኸኛውን» ይሉ ነበር። እኔ ከወዲህ ያየሁት በግራ ነው፤ ያየሁትንም አንድ ፀጉር ሳላዛንፍ ሣልኩት። ቀይና ጥቁር በነበረ ጊዜ ግራና ቀኝ ቢገለባበጥ ቀለሙ ይመልሰው ነበር፤ ግራጫ ከግራጫ ግን ምንም አይመልሰውም። ከገጹ ግርጌ የእሳቸው ፊርማ አለ። ያን ዕለት ደብተሩ ወደ እኔ እንደ ዞረ፣ ከጠረጴዛው ማዶ ቆመው አይተው ነበር የፈረሙበት። ከዚያ በኩል ሲታይ ሥዕሉ ትክክል ነበር።

«ይህን ሥዕል ከደብተርሽ ማን ገለበጠው?» አሉ።

ሁሉም ገልብጠውታል። ሃያ አምስቱም። ይህን ስናገር ሁለታችንም ያሰብነው አንድ ነገር ነው፤ ማንም ግን ቀድሞ ሊያወጣው አልፈለገም። ክፍላችን ለተግባር ልምምድ መብራት የገጠመለት፣ በሚቀጥለው ሰኞ ልጆች የሚገቡበት አዲስ መዋዕለ ሕፃናት አለ። ሠላሳ አራት መብራት። ግድግዳው ውስጥ የተቀበሩት ሽቦዎች ግራጫ ናቸው፤ ሥራ ተቋራጩ ፌዙን በየሳጥኑ በቀኝ አድርጎ ትቶልን ነበር፤ እኛ በግራ ያለውን ቆረጥን። አጎቴ ጉልበታቸው መሰላል ስለማያስወጣቸው ከታች ሆነው እያበሩና እያጠፉ አረጋገጡ። መሰላሉን እየወጣሁ በየማቀፊያው ቴስተር ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ ማብሪያው በርቶ ሳለ ብቻ። ቴስተሩ በበራ ቁጥር ዝርዝሩ ላይ ምልክት አደርግ ነበር። ሠላሳ አራት ምልክት።

አጎቴ የቤቱን ቆጣሪ አጥፍተው የእትዬን ማብሪያ ወዲያው አስተካከሉ። ብሎኑን ሁለት ጊዜ ጣሉት። እትዬ አነሡላቸው፤ አንድም ቃል አልቀለዱም። በዚያ ቤት እትዬ ሳይቀልዱ ሲቀሩ አይቼ ስለማላውቅ፣ በትክክል የፈራሁት ያን ጊዜ ነው።

ማክሰኞ ገና በማለዳ መዋዕለ ሕፃናቱ ደጃፍ ላይ ነበርን። ዘበኛው አጎቴን ያውቃቸዋል፤ ምነው መምህር፣ እርስዎም ሊመዘገቡ ነው እንዴ ብሎ ሳቀ። አጎቴ ውስጥ ሰው አለ ወይ ብለው ጠየቁት። የጽዳት ሠራተኞቹ መግባታቸውን፣ ዛሬ የመብራቶቹን ብርጭቆ እያወረዱ ማጠብ እንደ ጀመሩ ነገራቸው። አጎቴ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰሙም።

መተላለፊያው ረጅም ነው፤ አዲስ ቀለም ይሸታል። የመጀመሪያው ክፍል ባዶ ነበር። በሁለተኛው ክፍል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ጠረጴዛ ላይ ቆመዋል። መስኮቱ ብርሃን ስለሚያስገባ መብራቱ ጠፍቷል። ብርጭቆው ወርዷል፤ አምፖሉ ተፈትቶ ጠረጴዛው ጥግ ላይ ተቀምጧል። ሴትዮዋ እርጥብ ጨርቅ በጣታቸው ላይ ጠቅልለው፣ ማቀፊያው ውስጥ የገባውን የኖራ ብናኝ ሊጠርጉ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተዋል።

መጮኽ ፈለግኩ። አጎቴ ክንዴን ጨበጡት። ሴትዮዋ ከደነገጡ እጃቸው ወዴት እንደሚሄድ አይታወቅም። ዋናው ማጥፊያ ከመተላለፊያው ጫፍ ነው፤ የአጎቴ ጉልበት እስከዚያ አያደርስም። በአገጫቸው አመለከቱኝ። ሮጥኩ፤ ከኋላዬ ድምፃቸውን እሰማለሁ፤ እንደ ወትሮው ዝቅ ያለ፣ ሰው መንገድ የሚጠይቅ የሚመስል ድምፅ።

«እናቴ፣ ደኅና አደሩ። እጅዎን አንድ ጊዜ ወደ ታች ያውርዱልኝማ።»

«ልጨርስና፣ ልጄ፤ ይቺ ብቻ ናት የቀረችኝ።»

«እሱማ ይደርሳል። መጀመሪያ ፊትዎን ልይዎት፤ የማውቅዎት መሰለኝ።»

ዋናውን አጠፋሁት። ስመለስ ሴትዮዋ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው፣ ጎልማሳ ሰው በጠዋት እንዲህ ያለ ጨዋታ ያምረው እንደሆነ እየጠየቋቸው ነበር። አጎቴ የበሩን መቃን ይዘው ቆመዋል። ጨርቁ ይንጠባጠባል። አንዲት ጠብታ ጠረጴዛው ላይ ስታርፍ ድምፅዋን ሰማሁ።

ዋናው ማጥፊያ ላይ የማጣበቂያ ናስትሮ ጠመጠምንበት፤ ሳጥኑን ቆልፈን ቁልፉን አጎቴ በደረት ኪሳቸው፣ ከቴስተሩ ጎን አስቀመጡት። ከዚያ በቀጥታ ወደ ትምህርት ክፍላችን ኃላፊ ሄዱ። ኃላፊው የራሳቸው የቀድሞ ተማሪ ነው። ሁሉንም ነገሩት፤ በር ላይ ሆኜ ሰማሁ። ኃላፊው ክፉ ሰው አይደለም። ማንም እንዳልተጎዳ፣ ለጡረታ ሁለት ዓመት እንደ ቀራቸው፣ ሁለት ሠራተኛ ቢሰጣቸው ቅዳሜና እሑድ ሠላሳ አራቱንም አስተካክለው ሰኞ ልጆቹ እንደሚገቡ አስረዳቸው። ተማሪዎቹ ባይሰሙት ይሻላል አለ፤ የመምህሩን ስህተት የሰማ ተማሪ ነገ ትክክሉንም አያምንም። አጎቴ አመስግነውት ወጡ። እሺም እምቢም አላሉም።

ረቡዕ ክፍል ውስጥ ከሰሌዳው ወዲያ ቆሙ። ከትምህርት ቤት ውጭ፣ በቤቱም ይሁን በሰው ቤት፣ ማብሪያ ማጥፊያ የገጠመ ካለ እጁን እንዲያወጣ ጠየቁ። እጆች ወጡ፤ በደስታ፤ ምርጥ ተማሪ የሚቆጠር መስሏቸው። አሥራ አንድ ነበሩ። አንዱ የአያቱን መኝታ ክፍል ሠርቷል። አንዷ የአጎቷን የሚስማር መደብር። ቀልደኛው ፀጉር አስተካካይ ቤት ሦስት መብራት ገጥሞ ራሱን በነፃ መላጨቱን ተናገረ፤ ክፍሉ ሳቀ። አጎቴ አድራሻዎቹን አንድ በአንድ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ይጽፋሉ። አራተኛው ላይ ጠመኔው ተሰበረባቸው። ፀጉር ቤት ውስጥ ውኃ እንዳለ፣ እርጥብ እጅ እንዳለ የማስበው እኔ ብቻ አልነበርኩም፤ ፊታቸው ላይ አየሁት።

እስኪነግሯቸው ድረስ በእነዚያ ቤቶች ማንም አምፖል እንዳይነካ፣ ግድ ከሆነም ከቆጣሪው እንዲጠፋ አዘዙ። ለምን እንደሆነ አልተናገሩም። ሳቁ በረደ። ከመውጫው ደወል በኋላም ማንም ቶሎ አልተነሣም።

በዚያ ምሽት እራት ላይ እትዬ ምን እንደወሰኑ ጠየቋቸው። አጎቴ ኃላፊው ያለውን ደገሙላቸው፤ ሠላሳ አራቱን ሁለት ሠራተኛ እንደሚጨርሳቸው፣ አሥራ አንዱንም ራሳቸው እየዞሩ ሊያስተካክሉ እንደሚችሉ ተናገሩ።

«ይሄ ግድግዳው ላይ ያለው ነው» አሉ ቀጥለው። «ልጆቹ እጅ ላይ ያለውን ማን ያወጣዋል? በቃል ብነግራቸው ይጽፉታል፤ እጃቸው ግን ያየውን ነው የሚሠራው።»

«እንግዲያው በትክክል አሳያቸው» አሉ እትዬ።

«በትክክል የሚታየው ከኋላዬ ቆመው ነው።»

እትዬ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። ሐሙስ ዕለት አጎቴ ትምህርት ቤት ውለው ሲመለሱ ዳቦውን እንኳ አልነኩትም፤ መስፊያ ክፍሉ ውስጥ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው ቆመው አገኘኋቸው። ልሄድ ዞር ስል «እዚያው ቁሚ» አሉኝ። ቆምኩ። ጋዋናቸው ትከሻቸው ላይ ከፍ ዝቅ ሲል አያለሁ። ምን ያህል እንደቆየን አላውቅም፤ እትዬ አንድ ሙሉ እጅጌ ሰፍተው ጨርሰዋል። «አሁን የት ነሽ?» ብለው ጠየቁኝ። በሩ ጋ ነኝ አልኳቸው። «እጅሽስ?» በሩ ላይ ነው አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግን አልዞሩም።

ዓርብ ዕለትም በአውቶቡስ ማቆሚያው በኩል አልሄድንም።

ክፍሉ ሲሞላ ሰሌዳው በቦታው አልነበረም። አጎቴ ቀድመው ገብተው ወደ ግድግዳው አስጠግተውታል። የሆነውን ሁሉ ቆመው ነገሩን፤ የእኔን ደብተር ሳይጠቅሱ፣ ንብረት ክፍሉንም ሳይወቅሱ፣ ስህተቱ እሳቸው የቆሙበት ቦታ እንደሆነ ተናገሩ። ስለ እርጥቡ ጨርቅ ሲነግሩን ከአሥራ አንዱ አንዷ አፏን ያዘች። ቀልደኛው ፊቱ አመድ መስሎ፣ ፀጉር ቤቱ ሄዶ መምጣት ይችል እንደሆነ ጠየቀ። ትላንት እሳቸው ራሳቸው ሄደው ከቆጣሪው እንዳጠፉት ነገሩት።

ከዚያም ከወንበራችን ተነሥተን ከኋላቸው በግማሽ ክብ እንድንቆም አዘዙ። እኔን ከዋናው ማጥፊያ ጎን አቆሙኝ። «ዓይንሽ ከጓደኞችሽ እጅ ላይ አይነሣ» አሉኝ፤ በክፍል ውስጥ ያለ ቁጥር ሲያናግሩኝ ያ የመጀመሪያው ነው።

ኃይሉን ለቀቅኩ። አጎቴ ዞሩ።

ሠላሳ ዓመት ማንም ያላየው ጀርባ ጠባብ ነው። የጋዋናው ስፌት መሐሉ ላይ ተተርትሯል፤ ከኋላ ሆኖ የሚያያቸው ሰው ስለሌለ እትዬ እንኳ አላዩትም ይሆናል። ማጅራታቸው ላይ ላብ ይወርዳል። ያለ ቃል መሥራት ጀመሩ። ቴስተሩን በግራው አስገቡ፤ አልበራም። በቀኙ አስገቡ፤ ቀላ። አሁን የእሳቸው ቀኝና የእኛ ቀኝ አንድ ነው። ሽቦውን ሊቆርጡ ፒንሳውን ሲያነሡ ከኋላ አንድ ሰው ሳለ።

ትከሻቸው ደነገጠ። አንገታቸው መዞር ጀመረ፤ ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ፒንሳው አየር ላይ ቀረ። እኔ እጄን ማጥፊያው ላይ አድርጌ ሃያ አምስት ሰው፣ ሃምሳ እጅ እቆጥራለሁ።

«መምህር፣ ሳል ነው» አለ ቀልደኛው። «እጃችን ሁሉ ኪሳችን ውስጥ ነው።»

አጎቴ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱ።

«ከኪሳችሁ አውጡት» አሉ። «ልትሠሩበት ነው።»

ሽቦውን ቆረጡት። ሁለተኛውን ዙር እየተናገሩ ሠሩ፤ «ይኸኛው» የሚል ቃል አንድም ጊዜ ከአፋቸው አልወጣም። ሦስተኛውን ቀልደኛው አዘዘ፤ ልኩን አልረሳም። በአራተኛው ሃያ ስድስታችንም ተራ በተራ ገባን፤ ማብሪያው በርቶም ጠፍቶም ቴስተር አስገባን።

ከምሳ በፊት ኃላፊው በበሩ ብቅ ብሎ ሁለቱ ሠራተኞች ነገ እንደሚመጡ ሊነግራቸው ጀመረ። አጎቴ እንደማያስፈልጉ፣ ሠላሳ አራቱንም የገጠሟቸው እጆች ራሳቸው እንደሚፈቷቸው፣ እሳቸውም ከማብሪያው አጠገብ ሳይሆን ከመሰላሉ ሥር ቆመው እያንዳንዱን በጠፋ ማብሪያ እንደሚያስፈትሹ ነገሩት። ኃላፊው በሩን ዘግቶ ሄደ። አጎቴ መሰርሰሪያውን አንሥተው ሰሌዳውን ከግድግዳው ጋር በአራት ብሎን አሰሩት፤ የመጨረሻውን ብሎን ሁለት እጃቸውን ተጠቅመው አጠበቁት። ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው።

«ሰኞ ስፈራ መልሼ እንዳላዞረው» አሉኝ።